እናቴ ጠበል ያጠጣችው ምንሽር

ይህ የደረሰብኝ በጠላት ዘመን፣ ከዘንዘልማ በላይ ባለው ጫካ ከአርበኞች ጋር ሳለሁ ነው። ስንት ከባድ ቀን ባለፈበት ዘመን ይህችን ትንሽ ነገር አለመርሳቴ ለራሴም ይገርመኛል። ምናልባት ባስታወስኋት ቁጥር ስለምስቅም ስለማፍርም ይሆናል።

አባቴ በወረራው መጀመሪያ ሲሞት ምንሽሩን ተወልኝ። ከእሱ የቀረኝ ሌላ ዕቃ የለም። ያነጣጠሩበትን የማይስት ጠመንጃ ነበር።

አንድ ቀን በልምምድ ላይ እጄ ቸኩሎ ቃታውን ሳበና ኢላማዬን ሳትሁ። ስላፈርሁ ቤት ስሄድ ለእናቴ ጥፋቱን በጠመንጃው ላይ አላከክሁ። እሷም «ዓይን አርፎበት ነው» አለችና ጠበል አምጥታ ከአፈሙዙ እስከ ሰደፉ አጠበችው። ከዚያ በኋላ ጠመንጃው እውነትም ወደ ግራ መሳት ጀመረ። ቤት ጎራ ባልሁ ቁጥር ጠበሉን ትደግመዋለች፤ ጥይቱም ይብሱን ወደ ግራ ይሄዳል። እኔ ብረቱን አድርቄ ቅባት እቀባለሁ። እንጨቱን ማን አስቦት!

አለቃችን ጥይት ሲባክን የማይወዱ ሰው ነበሩ። «በሚመጣው እሑድ ሦስት ጥይት ትተኩሳለህ። እዚያ ማዶ የተሰቀለውን ቅል ካልመታህ ጠመንጃው ለሚመታበት ይሰጣል» አሉኝ። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ የበለጠ ያቃጠለኝም እሱ ነው። የአባቴን ምንሽር በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ማየት አልችልም ነበር።

ሐሙስ ዕለት መልእክት ለማድረስ ከጫካው በታች ያለውን ሐይቅ ተሻገርሁ። ያሻገሩኝ አያ እንድሪስ የሚባሉ ሙስሊም ታንኳ ሠሪ ናቸው። ምን እንዳስጨነቀኝ ሲጠይቁኝ አጫወትኋቸው። ታንኳውን ዳር ካስያዙ በኋላ ጠመንጃውን አገላብጠው አዩት። ታንኳ ከሚሠሩበት ደንገል ላይ ስስ ልጥ ልጠው በብረቱና በእንጨቱ መሐል ሊያሳልፉት ሞከሩ። በቀኝ በኩል ጭራሽ አልገባም።

«ይኸውልህ ልጄ፣ ደንገል ውኃ ሲጠጣ ያብጣል። እንጨትም እንደዚያው ነው። አብጦ ብረቱን ወደ ግራ እየገፋብህ ነው። ይህን ሁሉ ውኃ ከየት አገኘው?»

«ጠበል ነው፣ አያ» አልሁ አንገቴን ደፍቼ።

ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። «ጠመንጃውን እዚህ ተወውና ሂድ፤ ቅዳሜ ስትመጣ ጧፍ ይዘህልኝ ና» ብቻ አሉኝ።

ሁለት ቀን ከጥላ ሥር አደረቁት። ቅዳሜ እኔ እያየሁ፣ መቅዘፊያ በሚጠርቡበት ቢላ ያበጠውን ቦታ ልጡ እስኪያልፍ ድረስ ቀስ እያሉ ፋቁት። ከእናቴ ቤት ያመጣሁትን ጧፍ አቅልጠው፣ ውኃ ዳግመኛ እንዳይገባው እንጨቱን ሰም አጠጡት።

እሑድ እናቴ ስንቅ ይዛ መጣች። አያ እንድሪስም ዓሣ ሊያደርሱልን መጥተው አጠገቧ ቆሙ። ትርፍ ጥይት ስለሌለኝ ጠመንጃውን አልሞከርሁትም ነበር። የመጀመሪያው ጥይት የቅሉን ጠርዝ ነካ። ሁለተኛው መሐሉን በሳው። ሦስተኛው ለሁለት ሰነጠቀው። አለቃችን ምንሽሩን ከእጄ ተቀብለው አዩትና መልሰው ሰጡኝ።

እናቴ እልል አለች። ወደ አያ እንድሪስ ዞር ብላ «አዩልኝ የጠበሉን ሥራ!» አለቻቸው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። እሳቸው ግን ረጋ ብለው «አየሁ እንጂ እታለም። የእናት ልፋት መቼ ከንቱ ይቀራል» አሏት።

እናቴ እስክትሞት ድረስ ይህንኑ ስታወራ ኖረች። እሷ እንዳትሰማ ብዬ አያ እንድሪስን በሰው ፊት አላመሰገንኋቸውም፤ ይህ ይቆጨኛል። ምንሽሩ ዛሬም ቤቴ አለ። ክረምት ሲገባ ጧፍ አቅልጬ እንጨቱን እቀባዋለሁ፤ ስስ ልጥም በመሐሉ አሳልፋለሁ። ልጡ ሲያልፍ የእናቴና የአያ እንድሪስ ፊት ይመጣብኛል። ያን የመጀመሪያውን ቀን የሳተው የእኔ እጅ መሆኑን ለአንዳቸውም ሳልነግር ሁለቱም ሞቱብኝ።