የአማቴ ስለት

ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው «ቤተሰብዎን በአነስተኛ ወጪ ይመግቡ» የሚሉትን ሴቶች አንድ ቀን ባገኛቸው የምላቸው አለኝ። ጥፍራቸውን ተቀብተው፣ ከኋላቸው ፍሪጅ ተገትሮ፣ «ካሮት ትንሽ፣ ቃሪያ ትንሽ፣ ቺዝ ካለዎት ደግሞ» ይላሉ። ካለዎት! ካለኝማ አንቺ ፊት ምን አስቀመጠኝ? እኔ ቁጠባን የተማርኩት መርካቶ ውስጥ በክርኔና በምላሴ ነው። እህል በረንዳ የምሄደው ማምሻውን ነው፤ ነጋዴው ጆንያውን አስሮ ሊገባ ሲጣደፍ። ጠዋትማ ንጉሥ ነው፣ ቀና ብሎም አያይሽ። ጤፍ ለብቻው ካስፈጨሁ ስንት ዘመኔ፤ ሩዝና በቆሎ እደባልቅበታለሁ። ሽሮዬ ላይ ሽምብራው ለስም ነው፣ ባቄላው ነው የሚበዛው። ሽንኩርት ደግሞ ከጆንያ ሥር የቀረውን፣ ግማሹ የላሸቀውን እለቅማለሁ። አንዱ ሻጭ ሁልጊዜ «እህቴ፣ ለከብት ነው የምትወስጂው?» ይለኝ ነበር። «አዎ፣ ማታ ብቅ በል፣ አበላሃለሁ» አልኩትና ከዚያ ወዲያ አፉን ዘጋ።

እንደኔ ላለ ሰው ሁዳዴን የመሰለ ወቅት የለም። ሀብታሙም ሽሮ፣ ደሃውም ሽሮ። የምንኖረው ሰባተኛ ሰፈር ነው፤ በአንድ በር ገብተን በየክፍላችን የምንበተን፣ አንድ ማድ ቤት የምንጋራ ተከራዮች ነን። እዚያ ማድ ቤት ውስጥ የማን ድስት ምን እንደያዘ ለማወቅ አፍንጫ ብቻ ይበቃል። በሁዳዴ ግን የሁላችንም ድስት አንድ ዓይነት ይሸታል፣ ማንም ማንንም አይንቅም። የምፈራው ፋሲካን ነው። ሰው በዓል ደረሰ ብሎ ሲፈነድቅ እኔ ሳንቲም እቆጥራለሁ።

የዚያ ዓመት ፋሲካ ደግሞ የባሰ ነበር። ባለቤቴ ሶማሌ ተራ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ጥር ላይ ጆንያ እንደተሸከመ ከመኪና ወድቆ ወገቡን ተጎዳና አልጋ ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ የቤቱ ገቢ እኔ አብነት መንገድ ዳር ተቀምጬ የምሸጠው ቅቅል ድንች በዳጣ ብቻ ሆነ። በዚህ ላይ እናቱ «ልጄን ላስታምም» ብለው ከጎጃም መጡ። አስታመሙ ማለት እንኳን ይከብደኛል። ራስጌው ተቀምጠው የእኔን እንጀራ ወደ ብርሃን እያነሱ «ይሄ እንጀራ ነው ወይስ ላስቲክ?» ይሉ ነበር። ግቢው ውስጥ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው፣ እሳቸው ቤት ፋሲካ ሲመጣ በሬ ለብቻ እንደሚጣል አውርተዋል። በሬው እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። አማቴን እስከ ዛሬ በአንቱታ ነው የምናደድባቸው፤ አስተዳደጌ ሆኖብኝ እንጂ አንቺ ብላቸው ደስ ባለኝ።

ግቢያችን በየፋሲካው ቅርጫ ይገባል። ተዋጥቶ በሬ ይገዛል፣ ቅዳሜ ሌሊት ይታረዳል፣ ሥጋው በየመደቡ እኩል ይከፈላል። አንድ መደብ ሙሉ የመግባት አቅም አልነበረኝም። ጎናችን ያለችው ልብስ ሰፊም እንደኔው ነበረች፤ ስለዚህ አንድ መደብ ለሁለት ልንካፈል ተስማማን። ገንዘቡን ከድንቹ ሽያጭ እየቀነስኩ፣ ጥርሴን ነክሼ አጠራቀምኩ። ለራሴ አልነበረም። ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ፤ ያን ሰሞን ክንዷ እንደ መፋቂያ ቀጥኖ ነበር። ግማሽ መደብ ሥጋ ብቆጥበው፣ ትንሽ ትንሹን በቅቅል እያደረግኩ፣ የቀረውን ቋንጣ እያደረግኩ ብዙ ቀን አበላት ነበር። በእንቅልፌ ሁሉ ሥጋውን ስከትፍ ነበር የማድረው።

በሆሳዕና ማግስት የቅርጫው ሰብሳቢ መጡ። በርበሬ ተራ ሱቅ ያላቸው፣ ግቢው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ጨዋ ሰው ናቸው። እኔ ከግቢው ቧንቧ ሥር ድንች እያጠብኩ ነበር። ደጃችን ቆመው «እናንተስ እንዴት ናችሁ ዘንድሮ?» አሉ። አፌን ከፍቼ «ከጎረቤቴ ጋር…» ልል ስል አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤት ብቅ አሉ።

«እኛ ዘንድሮ የለንበትም» አሉ፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው። «ስለት አለብን። ልጄ ተነስቶ ቆሞ እስኪሄድ ድረስ በዚህ ቤት የፍስክ ነገር አይቀመስም ብለን ተስለናል።»

ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እግዚአብሔር ይስማዎት እናቴ» ብለው ወደሚቀጥለው ቤት ሄዱ። እኔ ድንቹን መልሼ ማጠብ ያዝኩ። ምን ልበል? የአማትን ስለት፣ ያውም ለባሌ መዳን ነው የተባለውን፣ ሰው ፊት ቆሜ ውሸት ነው ልበል? ባሏ እንዲድን የማትፈልግ አረመኔ ነበር የምባለው። ልብስ ሰፊዋ በሯ ላይ ቆማ እንደ ከሃዲ አየችኝ። በማግስቱ ሌላ ተካፋይ አገኘች።

ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና «መቼ ነው የተሳልነው? የት ነበርኩ እኔ?» አልኳቸው።

«ዝም በይ! ግማሽ መደብ ልትገቢ ነበር አሉ። ግማሽ! ልጄ ግማሽ ሰው ነው? በሬ ተጥሎለት ያደገ ልጅ ከልብስ ሰፊ ጋር ጅማት ይጓተት?»

«ልጅዎ አይደለም የሚበላው! ልጄ ናት! ክንዷን አይተውታል?»

«ኩራት እራት ነው አልልሽም» አሉ ረጋ ብለው፣ «ግን ከመዋረድ ይሻላል።»

ወደ ባሌ ዞርኩ። ብርድ ልብሱን ራሱ ላይ ስቦ «ተያት፣ እናቴ ናት» አለ። ይሄ ነው የእሱ ነገር። ጆንያ ሲሸከም እንደ በሬ ነበር፣ ለአንዲት ቃል ግን ጉልበት የለውም። ደሜ ፈላ። በዚህ መሃል ልጄ ከጥግ ሆና ሁሉንም ትሰማ ነበር። ሁሉንም ስል፣ የገባትን ማለቴ ነው።

«እማማ፣ ስለት ምንድነው?» አለቻቸው።

አማቴ ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። «አባትሽ እንዲነሳ ብለን እኛ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም አንበላም። እግዜር ያን አይቶ ያነሳዋል» አሏት። እኔ ያኔ የልጅ ነገር ነው ብዬ ናቅኩት። የተናደድኩት በሥጋው ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። ባሌ እንደተኛ ግቢው ያውቃል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ከየቤቱ ዶሮው፣ ጥብሱ ተልኮልን ድስቴ አይችለውም ነበር። ስለት ያለበት ቤት ግን ማን ፍስክ ይልካል? ሰዎቹ ሊበድሉን ሳይሆን ሊያከብሩን ብለው ነው። አንዷማ በፋሲካ ጠዋት፣ አገር ምድሩ ዶሮ እየበላ፣ ከስቅለት የተረፈ ምስር ወጥ አሙቃ ላከችልን። «የጾም ነው፣ አይዟችሁ፣ ብሉት» ብላ። ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ። አማቴ «እግዜር ይስጥልን» ብለው ሳህኑን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳን የማይጾምበት ነው። የጋሼ ሚስት ይህንኑ አንስተው «እናቴ፣ በሃምሳ እኮ ጾም የለም» ቢሏቸው አማቴ «ጾም አይደለም፣ ስለት ነው» ብለው ኩም አደረጓቸው። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ እሳቸውም አለመብላታቸው ነው። ተደብቀው ቅቤ ሲልሱ ብይዛቸው እንዴት በቀለለኝ! አልበሉም። የራሳቸውን ውሸት ጾሙት። እኔም እንቁላል ገዝቼ እንዳልቀቅል ማድ ቤቱ የሁላችን ነው፣ ሽታው ያጋልጠኛል። ልጅቷ ምሳዋን ትምህርት ቤት ስለምትመገብ፣ እዚያ እንቁላል የሚሰጥበትም ቀን ስላለ በዚያ ተጽናናሁ።

ለቅርጫ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ለወጌሻ ከፈልኩት። ወጌሻው እየተመላለሰ አሸው፣ ጠገነው፤ ባሌም ትራስ ተደግፎ ቁጭ ማለት ጀመረ። ግቢው «ስለቱ ሰመረ!» ብሎ እልል አለ። የወጌሻውን ስም ያነሳ የለም። አማቴም «ተመስገን» አሉ እንጂ ሌላ አልተናገሩም። ልጄ አባቷን ቁጭ ብሎ ስታየው አጨበጨበች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ወጥታ «መቼ ነው የምትቆመው?» እያለች ጠዋትና ማታ ትጠይቀው ጀመር።

አንድ ቀን ድንቼን ዘርግቼ ተቀምጬ ሳለ ከትምህርት ቤቱ ተጠራሁ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆማ ተዝለፍልፋ ወድቃለች። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ድንቹን ለማን ትቼው እንደሄድኩም አላውቅም። ምግብ የሚያቀርቡት እናት ጥግ ወስደውኝ «የኔ እህት፣ ይቺ ልጅ እንቁላል በሚሰጥ ቀን ለጓደኛዋ ትሰጣለች። ለምን ስላት፣ እኛ ቤት ስለት አለ ትለኛለች። ቤታችሁ የምታውቁት መስሎኝ ነበር» አሉኝ። ጤና ጣቢያ ስወስዳት ነርሷ የዓይኗን ቆብ ገልብጣ አየችና ደም አንሷታል አለችኝ። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ስጪያት አለች፤ ኪኒን ጻፈችላት። ልጄ ይህን ሰምታ ነርሷን እንደ ጠላት አየቻት።

በመንገዴ እንቁላል ገዛሁ። ማድ ቤት ገብቼ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ክዳኑን ሳልከድን ቀቀልኩት። አንዷ ጎረቤት «ውይ፣ ስለታችሁስ?» አለችኝ። «ስለቱን አንቺ ቀጥዪበት» አልኳትና እንቁላሉን ይዤ ቤት ገባሁ። ልጬ፣ ጨው ነስንሼ ለልጄ አቀረብኩላት። ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«ብዪ!»

«አልበላም። አባዬ ተመልሶ ይተኛል።»

«አይተኛም! ብዪ እልሻለሁ!» አገጯን ይዤ ላስገድዳት ሞከርኩ። ትንሿ ልጅ ጥርሷን ነክሳ ታገለችኝ፤ ያ ሁሉ ጉልበት ከየት እንደመጣላት እንጃ። እንባዋ እጄ ላይ ይወርዳል፣ አፏ ግን አይከፈትም። ለቀቅኳትና ወደ አማቴ ዞርኩ።

«ይንገሯት!» ብዬ ጮህኩ። «ግቢው ይስማ፣ መርካቶ ይስማ፣ ግድ የለኝም! እርሶ ያመጡትን እርሶ ይንገሯት! ይቺ ልጅ ብትሞትብኝ በእግዜር ፊት እርሶን ነው የምይዘው!»

አማቴ ልጄን ወደ እሳቸው ሳቧት። ያን ቀጥ ያለ አንገታቸውን ሲሰብሩት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ስለት የለም፣ ልጄ» አሏት። «አልተሳልኩም። ሰው እንዳይንቀን ብዬ ነው ያልኩት። ብይ፣ የኔ እናት፣ ብይ።»

ልጄ መጀመሪያ እሳቸውን አየች። ቀጥላ ትራሱን ተደግፎ የተቀመጠውን አባቷን አየች። ድምጿ እንደ ትልቅ ሰው ነበር።

«እና አባዬ አይነሳም?»

አማቴ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ባሌ ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ፣ ነጋዴ የሚፈራኝ ሴትዮ፣ እንቁላሉ ላይ ሌላ ጨው ነሰነስኩ። ትንሽ ጠበቀችን፤ ከዚያ እንቁላሉን ከእጄ ወሰደችና እያለቀሰች ጨርሳ በላችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባቷን መቼ እንደሚቆም ጠይቃው አታውቅም።