ቁስሌን ማን ነካው?

ቂርቆስ ካለው ቤቴ ሲወስዱኝ ነጠላ ጫማ አድርጌ ነበር። መንግሥት ሊገለብጥ ነው የተባልኩት ሰውዬ፣ በቃ፣ ፍራሼን እንኳ ብቻዬን መገልበጥ አልችልም። የታሰርንባት ክፍል ጠባብ ናት፤ ላብና በረኪና ትሸታለች። እስረኞቹ የሚተኙት በተራ ነበር፤ ለእኔ ግን የግድግዳውን ጥግ ለቀቁልኝ።

ለእግሬ ሲሉ ነው። ቅልጥሜ ላይ ብጉር የምታህል ነገር ወጥታ፣ ሳልጠረጥራት ጠርዟ የጠቆረ፣ መዳፍ የሚያህል ቁስል ሆነች። አጠገቤ የሚተኛው ረጅም የባንክ ሠራተኛ፣ የካዛንቺስ ልጅ፣ በጨው ውኃ እያጠበ የሞተውን ሥጋ በማንኪያ እጀታ ያነሳልኛል።

«ቻል ያድርጉት ጋሼ። ቆሻሻው ካልወጣ አይሽርም።»

«እግር ነው ወይስ የከረመ ድስት ነው የምትፈቀፍቀው?»

ይስቃል። ቁስሉ ግን በተነካ ቁጥር ሰፋ። እሱም መሳቁን ተወ።

አንድ ጠዋት የጥበቃ ኃላፊው እግሬን አየ።

«ሐኪም ቤት ለመሄድ ብላችሁ ራሳችሁ ናችሁ ያባባሳችሁት! ማነው የነካካው?»

አፌን ስከፍት የባንክ ሠራተኛው ጉልበቴን ጫን አድርጎ ተነሳ።

«እኔ ነኝ። እንዲሽር ብዬ ነው። እኔን ቅጡኝ፤ እሳቸውን ሐኪም ይያቸው።»

ከዚያ ሸሚዙን አውልቆ ቀደደና እግሬን ጠቀለለልኝ። ጃኬቱን በባዶ ገላው ላይ እስከ አንገቱ ቆለፈ።

«ጋሼ፣ ገደልኩዎት መሰለኝ» አለኝ ቀስ ብሎ።

እሱን ወደ ቅጣት ክፍል፣ እኔን ወደ ሐኪም ወሰዱን።

ሐኪሟ ቁስሉን ሳትነካ ብዙ አየችው።

«ብዙ ጊዜ የማይገጥም ቁስል ነው አባባ። ሲነካኩት ይብስበታል። አንዳንዴ የውስጥ ሕመም ምልክት ይሆናል፤ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ደምዎንም አንጀትዎንም እንመርምር።»

ካንሰሩ አንጀቴ ውስጥ ተገኘ፤ ገና ሳይሰራጭ። ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፤ በሕመሜ ሰበብም ፈቱኝ። እግሩ ቆስሎ እንደኔ የተጠቀመ ሰው የለም።

እሱም ኋላ ተፈትቷል አሉ። ካዛንቺስ ሄጄ ብፈልገው ሰፈሩ ፈርሷል፤ ጎረቤቶቹም ተበትነዋል፤ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ኡራኤል ታክሲ ተራ ላይ ረጅም ሰው ባየሁ ቁጥር ከኋላው እሮጣለሁ፤ ሩጫ ካሉት ማለቴ ነው። ባለፈው አንዱ ሌባ መስዬው ቦርሳውን አቀፈ።

እሱ የሆነ ቦታ፣ አንድ ሽማግሌ ገደልኩ እያለ ይኖር ይሆናል። ሽማግሌው ደግሞ ኡራኤል ቁጭ ብሎ ፉል በዳቦ እያስደገመ ነው።