የእንስራው አንገት

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያወቅኩት ጨው ነው። ከንፈሬን ስልስ ጨው፣ ግድግዳውን ስደገፍ መዳፌ ላይ ጨው። አቃቂ፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ያለ አሮጌ የጨው መጋዘን ነበር፤ እስር ቤቱ ሲሞላ የተረፍነውን እዚያ አጎሩን። መስኮት የለውም። ቀትር ላይ እንኳ ጎንህ ያለውን ሰው የምታውቀው በሳሉ ነው።

ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ግድግዳው ላይ በምስማር የተንጠለጠሉ ባዶ ጣሳዎች አየሁ። «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» ተብለው ሄደው በዚያው የቀሩ ሰዎች ጣሳዎች ናቸው ተባልኩ። ጣሳቸውን ግን ትተው ነው የሚሄዱት፤ ልማዱ እንደዚያ ነበር። ባቡር ሲመጣ፣ ገና ድምፁ ሳይሰማ፣ ጣሳዎቹ ቀድመው ይንኳኳሉ። ያን ጊዜ ሁላችንም ወሬ እናቆማለን።

ውሃ በቀን አንዴ፣ ጠዋት፣ ለሰው አንድ አንድ ጣሳ ይሰጠናል። ከዚያ ላይ ግማሹን ጥጉ ላይ ወደተቀመጠ እንስራ እንገለብጣለን። የእንስራው ውሃ ከምርመራ ተደብድቦ ለሚመለስ ሰው ነው፤ ይጠጣዋል፣ ቁስሉ ይታጠብበታል፤ ሲነጋ እንስራው ባዶ ነው። ያዘዘን የለም። ተራ በተራ በጨለማ ሄደን ስለምናፈስ ማን ምን ያህል እንዳዋጣ አይታይም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ጣታቸውን ወደ እንስራው አንገት ሰደድ አድርገው «ሞልቷል» ይላሉ። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ የአንድ ሰው ድርሻ ብትጎድል ጣት ታውቃለች።

ሽማግሌው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ሐዲዱን በመዶሻ እየመቱ ስንጥቁን በድምፁ ሲለዩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። ለምን እንደታሰሩ ስጠይቃቸው፣ ያሰሯቸው ሰዎችም ምክንያቱን ገና እየፈለጉት እንደሆነ ነገሩኝ።

እኔ ያን ጊዜ ብልጥ ነበርኩ። ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል የእኔ ግማሽ ጣሳ ብትቀር ምን ይጎድላል አልኩ። በሦስተኛው ጠዋት ወደ እንስራው ሄድኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ጣሳዬን ከአፉ ጋር ኳ አደረግኩና ምንም ሳላፈስ ተመለስኩ። ቦታዬ ላይ ሆኜ ውሃዬን እየተጎነጨሁ የሽማግሌውን ቃል ጠበቅኩ።

ሞልቷል አሉ።

በማግስቱም አላፈሰስኩም፤ ሞልቷል። ከዚያ በኋላ ባለውም ቀን እንዲሁ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። እኔ ሳላፈስ ማነው የሚሞላው? ሽማግሌው ዋሽተው ይሆናል ብዬ ሰው ሳያየኝ ጣቴን ሰደድኩ። ውሃው ቦታው ላይ ነበር፣ ቀዝቅዞ። በዚያው ቅጽበት ጣሳዎቹ ግድግዳው ላይ መንኳኳት ጀመሩ፤ ውሃውም ጣቴ ሥር ተንቀጠቀጠ። እጄን መንጭቄ ሸሸሁ። አጠገቤ የሚተኛውን አስተማሪ፣ እንስራው ካፈሰሰው ሰው በላይ ይሞላል እንዴ ብዬ ጠየቅኩት። ሳይስቅ፣ የሄዱትም ድርሻቸውን ያፈሳሉ ይባላል አለኝ። ከዚያ ወዲያ ለጣሳዎቹ ጀርባዬን ሰጥቼ መተኛት አቃተኝ።

በማግስቱ ለምርመራ ተጠራሁ። ስመለስ ሁለት ሰዎች ተሸክመው ነው ያስገቡኝ። ስለዚያኛው ክፍል አልጽፍም። የማስታውሰው ሽማግሌው ራሴን ጭናቸው ላይ አድርገው ከእንስራው ሲያጠጡኝ ነው። ጠብታ ያላዋጣሁበትን ውሃ ጠጣሁ፤ እግሬም ታጠበበት። አፈርኩ፣ ግን ጠጣሁ። ፊቴ ድረስ ጎንበስ ሲሉ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ደም መቋጠሩን አየሁ። ከጨው ነው ብዬ አለፍኩት።

በነጋታው ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና ስማቸው ተጠራ። ዕቃህን ይዘህ ውጣ ተባሉ። ጋቢያቸውን አጥፈው ያዙ፣ ሁሉንም በየቦታው ተሰናበቱ። እኔ ጋ ሲደርሱ ጣሳቸውን እጄ ላይ አኖሩ።

«ከነገ ጀምሮ ያንተን አንተው አፍስስ፣ ልጄ» አሉኝ በጆሮዬ። «እኔ የለሁም።»

ለካ ሰምተውኛል። ዕድሜውን ሁሉ ብረት ሲያዳምጥ የኖረ ጆሮ ያልፈሰሰ ውሃ እንዴት ያመልጠዋል? ግማሹን ስለራሳቸው፣ ግማሹን ስለእኔ ሲያፈሱ ጣሳቸው ውስጥ ምንም አይቀርም ነበር። እነዚያን ቀናት ሁሉ ከምትሰጠን ቀጭን ሾርባ በቀር ጉሮሯቸውን ያራሰ ነገር የለም።

ጣሳቸውን በዳሰሳ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ጠዋት ውሃ ሲታደል እየዳህኩ ወደ እንስራው ሄጄ ጣሳዬን እንዳለ ገለበጥኩት፤ ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የእሳቸው። መነሳት ስላልቻልኩ እዚያው ቀረሁ። ሌሎቹም በተራቸው መጥተው እያፈሰሱ ተመለሱ። ሁሉም ያቺን አንዲት ቃል ይጠብቃል፣ የሚናገራት ግን ሄዷል። ጣቴን ሰደድኩ። ውሃው አንገቱን አልፎ እስከ አፉ ግጥም ብሏል። ባቡር አልነበረም፤ ጣሳዎቹም ጸጥ ብለው ነበር። ማን እንደጨመረ የተናገረ የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

«ሞልቷል» አልኩ።

ዛሬ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ያ ባቡር ቀርቷል፣ መጋዘኑም ፈርሷል። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ደግሞ ጀሪካን መሸከም የማይችሉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት አሉ። ውሃ በመጣ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቄ አንድ ጀሪካን በራቸው ላይ አስቀምጣለሁ። ባለቤቴ፣ አንኳኩተህ ብትሰጣቸው ምናለ ትለኛለች። ይህን ታሪክ ነግሬያት አላውቅም። ባለፈው ሳምንት በራቸው ላይ ስደርስ የማን እንደሆነ የማላውቀው ሌላ ጀሪካን ቀድሞኝ ቆሟል። የኔንም አጠገቡ አስቀምጬ ወረድኩ።