ላቀች ያፈላችው ውሃ

ላቀች ጎረቤቴ ናት። ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ውስጥ በር ለበር ስንኖር አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን። የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ጠዋት ጠዋት ውሃ ስታፈላ የድስቷ ክዳን ሲንቀጫቀጭ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ይሰማኝ ነበር።

ያልፈላ ውሃ አትጠጣም። በ1977 ዓ.ም. ሱዳን መጠለያ ሳለች የመጀመሪያ ልጇ በተቅማጥ ሞቶባታል። አራት ዓመቱ ነበር። ውሃ ውሃ ሲላት ከኩሬው ቀድታ የሰጠችው ራሷ ናት። ከዚያ በኋላ ገዳሪፍ ላይ አንድ አንጥረኛ ከአሮጌ የመኪና ሞተር አቅልጦ የሠራውን ድስት ገዛች፤ አሜሪካ ስትመጣም ይዛው መጣች። አንዱ ጆሮው ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል።

ልጇ ሔዋን ትቆጣት ነበር። "እማዬ፣ የዚህ አገር ውሃ ክሊን ነው፤ ሁሌ ቼክ ይደረጋል።"

"ሰው ጀልባ የሚነዳበትን የሐይቅ ውሃ ነው የምታጠጡኝ" ትላለች ላቀች። "የሱዳኑንም ንጹሕ ነው ብለውን ነበር።"

ሔዋን ሺፍት ስትገባ ሕፃኗን ማያን የምትይዘው ላቀች ናት። የዱቄት ወተቷን የምትበጠብጥላት በዚያው ውሃ ነው፤ ግማሽ እስኪሆን ታንተከትከዋለች። ማያ ዓመት ሲሞላት ደሟ ተመረመረና እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት ተገኘበት።

ከጤና ቢሮ አንድ ሰው መጣ። የግድግዳውን ቀለም ፋቀ፤ ከቧንቧው በትንሽ ጠርሙስ ቀዳ። ላቀች "አላልኳችሁም? ውሃው ነው!" እያለች ከኋላው ትከተለዋለች። ሊወጣ ሲል ምድጃው ላይ ያለውን ድስት አየና ከእሱም ቀዳ።

ሔዋን ውጤቱን ከስልኳ ስታነብ እኔም ነበርኩ።

"የቧንቧው ንጹሕ ነው" አለች። ስልኩን ወደ ታች ገፋ አድርጋ፣ "ድስቱ ነው እማዬ። እርሳሱ የሚወጣው ከድስቱ ነው።"

ላቀች ወንበር በእጇ ዳብሳ ተቀመጠች። "ይህቺ ሁለተኛዬ ናት" አለች።

አሁን የማያ ደም እየጠራ ነው። ጉዳት አድርሶባት እንደሆነ ግን ትምህርት ቤት እስክትገባ በደንብ አይታወቅም አሉ። ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቃላቷ ጥቂት ናቸው።

ባለፈው እሑድ እነሱ ቤት ቁጭ ብዬ ማያ የላቀችን ቀሚስ ጎተት አድርጋ "ውሃ" አለቻት። ላቀች ሔዋንን አየቻት።

"ከቧንቧው ቅጂላት እማዬ። ስጫት፣ ምንም አይደለም።"

ብርጭቆውን ሦስት ጊዜ አለቀለቀችው። ቀዳች። ወደ መስኮቱ አንሥታ ተመለከተችው። ከዚያ ለእኔ አቀበለችኝ።

"እባክሽ አንቺ ስጫት" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ማያ ጠጥታ እስክትጨርስም አልመለሰችውም።