አክስቴ ያልፈታችው ቋጠሮ

በእኛ በፎገራ ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው «ቋጠረ» ይባላል። ብሩን ሳጥን ውስጥ የሚቆልፈው ነጋዴ እንኳ «እሱማ ቋጥሯል» ተብሎ ይታማል። ግጥም ስለምገጥም የቃል መነሻ መፈለግ እወዳለሁ፤ ለዚህኛው ግን ሩቅ አልሄድኩም፤ የአክስቴን ወገብ ማየት በቂ ነበር። ጥጥ ፈትላ ለሸማኔ ትሸጣለች። ከገበያ ስትመለስ ብሩን አጣጥፋ በመቀነቷ ጫፍ ትቋጥርና በጥርሷ ጠበቅ ታደርገዋለች። ሳጥኗም ባንኳም እሱ ነው።

በዚያ ዓመት የቋጠረችው የስለት ነበር። አንድ ልጇ ወታደር ሆኖ ሄዶ ወሬው ከጠፋ ከርሟል። በሰላም ከተመለሰ ለደብሩ ጥላ ልታስገባ ተስላለች፤ እሱ ሳይመጣም ቋጠሮውን ላትፈታ ለራሷ ቃል ገብታለች።

ይኼኔ ደርግ ብር ለወጠ። የንጉሡ መልክ ያለበት ብር ቀኑ ካለፈ ተራ ወረቀት ነው ተባለ። ሰው ከጎታ ሥር፣ ከፍራሽ ውስጥ ያወጣውን ይዞ ሊለውጥ ወደ ወረታ ከተማ ጎረፈ። አክስቴ ግን ከእንዝርቷ አልተነሳችም።

«እቴቴ፣ ቀኑ ሊያልቅ ነው!» አልኳት።

«ይለቅ።»

«ብሩ እኮ ይቃጠላል!»

«ከፈታሁት በልጄ ተስፋ ቆረጥኩ ማለት ነው። አንተ ሂድና ግጥምህን ግጠም፤ የእናት ነገር አይገባህም።»

እኔን እንደማትሰማኝ ሳውቅ የንስሐ አባቷን ጠራሁ። ሽማግሌው ቄስ መደቡ ላይ ተቀምጠው አዳመጧት።

«ስለቱን የተሳልሽው ለታቦቱ ነው ለመቀነቱ?»

«ለታቦቱ ነዋ፣ አባ።»

«ታዲያ ለታቦቱ የማይሠራ ብር ልትሰጪው ነው?»

«እውነትዎን ነው፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ።»

 ከዚያ ተነስታ የልጇን አሮጌ ሸሚዝ ከተሰቀለበት አወረደች፤ ከጫፉ እራፊ ቀድዳ በመቀነቱ ሌላኛው ጫፍ ቋጠረች። በጥርሷ አጠበቀችው። የድሮውን ቋጠሮ በወስፌ መፍታት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። መቀነቱ ለቅጽበት እንኳ ያለ ቋጠሮ አልቀረም። 

ወረታ ተሰልፈን ለወጥን። አዲሱን ብር እዚያው መለወጫው በር ላይ ቋጥራ፣ ሁለቱንም ጫፎች በሁለት እጇ ይዛ ቤቷ ገባች።

ልጇ በሚቀጥለው በጋ እያነከሰ መጣ። አልቅሳ ስታበቃ መቀነቷን ከወገቧ ፈትታ የእራፊውን ጫፍ ሰጠችው፤ እየታገለ ፈታው። እጁ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሲሄድ ግን መታ አደረገችው።

«ተው! ይኼ ያንተ አይደለም።»