ፍሬን ያልነበረው ጭብጨባ

አርባ ምንጭ ውስጥ ትንንሽ ልጆችን ሙዚቃ የሚያስተምር ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ፍሬን ነው። ክራሩም ከበሮውም ቢቀር ይቀራል። የአንደኛ ክፍል ልጆቼን "አጨብጭቡ" ባልኩ ቁጥር ጭብጨባው ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ሲቀላ ቁልቁል እንደተለቀቀ ባጃጅ ነበር፤ ሲነሳ ጨዋ፣ መሃል ላይ ባለጌ፣ መጨረሻው ላይ ሾፌሩም ተሳፋሪውም እየጮኹ። አንድ ቀንማ የአባያ ሐይቅ አዞዎች ከውሃ ብቅ ብለው "ምን መጣ?" ተባባሉ ብዬ ለሚስቴ ነግሬያታለሁ። አላመነችኝም። ስለምታውቀኝ አታምነኝም።

ጥፋቱ የልጆቹ አልነበረም። አብዛኞቹ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ጸሎት ቤት ያደጉ ናቸው። እዚያ መዝሙር በዝግታ ይነሳል፤ ልብ ሲሞቅ እጅ ይፈጥናል፣ እጅ ሲፈጥን እግር ይነሳል፣ ሲያበቃ ጉባኤው ሁሉ እየዘለለ ነው። የኔ ወላጆች ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ ተመድበው የመጡ ናቸው፤ እኛም ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ከበሮው ከሞቀ ወዲያ ሰዓት የሚያይ የለም። እንግዲህ ለነዚህ ልጆች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ፍጥነት ማጨብጨብ የበሽተኛ ሥራ ነው። ምት ማለት እንደ ልብ ትርታ ሳይፈጥን ሳይዘገይ የሚሄድ ነገር ነው እያልኩ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ከለፈለፍኩ በኋላ፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁባት አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ካልፈጠነ በምን ያልቃል?"

እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም።

ግድግዳ የሚጋራን የሂሳብ መምህር ግን መልስ ነበረው፤ ሄዶ ከሰሰኝ። "በነሱ ጭብጨባ የኔ ተማሪዎች መደመር ጀምረው ሳላስተምራቸው ማባዛት ውስጥ ይገባሉ" አለ። ርዕሰ መምህርታችን አስጠሩኝ።

"መምህር፣ ይኼ ሙዚቃ ነው ወይስ ሰደድ እሳት?"

"ሙዚቃ ነው እትዬ፣ ትንሽ ሞቆት ነው።"

"እንግዲያው እስከ ወላጆች ቀን ያብርዱት። ልጆቹ አንድ ዘፈን ሳይሮጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ካጨበጨቡ ክፍለ ጊዜው የርስዎ ነው። ካልሆነ ለሂሳብ እሰጠዋለሁ፤ እርስዎም ስፖርት ያስተምራሉ።"

ሆዴን ያየ ሰው ይህ ቅጣት ለስፖርቱ ጭምር መሆኑን ይረዳል። እኔን ግን ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር። ከሥራዬ ሁሉ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ የሚያዘፍነኝ ከነዚህ ልጆች ጋር ያለኝ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ጎረቤቴን ባለባጃጅ ለምኜ ግቢ ድረስ አስመጣሁትና ፍሬቻውን አስበራሁት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ... "በዚህ ልክ አጨብጭቡ!" አልኳቸው። የባጃጁ ባትሪ ከኔ ጉልበት ባይብስም አይሻልም ነበርና ፍሬቻው እየዘገየ ሄዶ ተኛ። ልጆቹ ባጃጁን ገፍተው ከበር አስወጡት። ሲገፉ እንኳን እየፈጠኑ ነው።

ቀጥዬ ራሴን ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ አደረግሁ። "በእርምጃዬ ልክ አጨብጭቡልኝ፤ ከፈጠናችሁ እወድቃለሁ!" ይኼንን ባልተናገርኩ። መውደቄን ወደዱት። ሆን ብለው እያፈጠኑ ሳምንቱን ሙሉ አንከባለሉኝ።

"ልጆቹ ናቸው የሚማሩት ወይስ አንተ?" አለች ሚስቴ የሱሪዬን ጉልበት እየጣፈች።

ያን ጊዜ ገባኝ። የኔ መውደቅ ለነሱ ትርፍ ነው፤ መውደቁ የሚያንገበግባቸው ነገር መገኘት አለበት። በማግሥቱ ሙዝ ገዝቼ በትሪ ደረደርኩና ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ከማንጎው ዛፍ ሥር ቆምኩ። የትምህርት ቤታችንን አጥር የሚያውቅ አጥሩ ላይ የሚውሉትንም ያውቃል፤ ጦጣዎቻችን ከተማሪዎቹ ይልቅ ሳያረፍዱ የሚመጡ ናቸው። "በጭብጨባችሁ ልክ እራመዳለሁ፤ እዚያ ጥግ ከደረስኩ ሙዙ የናንተ ነው" አልኩ።

ጀመሩ። መሃል ላይ ሞቃቸው። እግሬ ጭብጨባውን ልድረስ ሲል ተጠላለፈ፣ ትሪው ተንሸራተተ፣ ሙዙ ተበተነ። ጦጣዎቹ ከአጥሩ ወረዱ እንዳልል ከመውረዳቸው በፊት በልተው ጨርሰዋል። ትልቁ ጦጣ ተመልሶ አጥሩ ላይ ተቀመጠና ልጆቹን ዓይን ዓይናቸውን እያየ ልጣጩን ቁልቁል ጣለላቸው።

እንዲህ ያለ አስተማሪ ማሠልጠኛ ኮሌጅም አያስመርቅም። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ጭብጨባው እንደ ተጠረበ ድንጋይ እኩል እኩል ሆነ። አንዱ ሊሮጥ ሲል ሌላው በክርኑ ይጎስመዋል፤ "ቀስ! ሙዙን ልታስበላው ነው!" ጥግ ደረስን። ሙዙን በላን። እኔም ደረሰኝ።

የወላጆች ቀን መጣ። ልጆቼ ተሰለፉ፣ ዘፈኑን አነሱ፣ ማጨብጨብ ጀመሩ። ደግ! አንድም አልሮጠም። እኔ ግን ልጆቹን ብቻ ሳስተምር ወላጆቹን ረስቼ ኖሯል። ጭብጨባ የሰማ ወላጅ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። እናቶች ገቡበት፣ አባቶች ተከተሉ፤ ወዲያው ሞቃቸው፣ ወዲያው ፈጠኑ፣ ከኋላ እልልታ ተነሳ። ከሁሉ ቀድመው የሚጋልቡት ደግሞ መድረኩ ላይ የተቀመጡት ርዕሰ መምህርታችን ነበሩ። እሑድ እሑድ መዘምራን ፊት የሚቆሙ ሰው ናቸው፤ እጃቸው ምን ያድርግ።

እኔ ስፖርት ሳስተምር ታየኝ። የፊሽካው ድምፅ ሁሉ ተሰማኝ።

ጥርሰ ወላቃዋ ልጅ ግን ማጨብጨቧን ሳታቋርጥ ወደ መድረኩ ዞረች።

"እትዬ ዳይሬክተር! ቀስ! ሙዙን ሊጥሉት ነው!"

ርዕሰ መምህርቷ ጭናቸው ላይ አዩ፣ ወንበራቸው ሥር አዩ። ሙዝ የለም። ወላጆቹም እየሮጡ የራሳቸው መጨረሻ ላይ ደረሱና "አሜን!" ብለው አቆሙ። ልጆቹ ገና ሁለተኛው አዝማች ላይ ነበሩ። ግቢው ጸጥ አለ፤ እነዚያ ትንንሽ እጆች ብቻቸውን ቀሩ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ማንንም ሳይጠብቁ ማንንም ሳይከተሉ ጨረሱት። ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገብቶ ነበር፤ አቧራ ነው ብዬ ለሚስቴ ነግሬያታለሁ።

ከበዓሉ በኋላ ቢሮ ተጠራሁ።

"ክፍለ ጊዜው አይነካም" አሉ ርዕሰ መምህርቷ። "ነገር ግን ወላጅ ፊት በልጅ አስገስጸውኛል። ምን እንደሚያስተምሩ ራሴ ገብቼ ማየት አለብኝ።"

"ወንበር አስመጣለሁ እትዬ።"

"ወንበር አልፈልግም። ከልጆቹ ጋር እቀመጣለሁ።"

በሚቀጥለው ሳምንት መጡ። ልጆቹ ዴስኩ ላይ ተጠጋግተው ቦታ ሊለቁላቸው ተሽቀዳደሙ። እኔ ግን ቦታ መረጥኩላቸው፤ ከክፍሉ ሁሉ ክርናቸው የሾለ ሁለት ልጆች አሉ፣ መሃላቸው አስቀመጥኳቸው።