ጨለማ የሚወደው ስልክ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት የሠራሁት መተግበሪያ እንዳይዘጋ ለመለመን ነው። የድርጅታችን ልማድ እንዲህ ነው፤ ደንበኛ ሲያኮርፍ ኮዱን የጻፈው ሰው ሻንጣውን ይዞ ደንበኛው ዘንድ ይሰነብታል። መተግበሪያው በጀልባ የተጫነው ዕቃ የማን እንደሆነ ለጀልባ ነጂው ያሳያል። ጋምቤላ ላይ የቀረችን ደንበኛ አንዲት ነጋዴ ብቻ ናት። እሷም ካቆመች፣ በቃ፣ ልፋቴን ሁሉ ውሃ በላው!

ከጎሬ ቁልቁል ስንወርድ ጉሙ ከኋላ ቀረ። መጀመሪያ ጃኬቴን፣ ቀጥሎ ሹራቤን አወለቅኩ። ሙቀቱ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል። የባሮን ወንዝ በአውቶብሱ መስኮት ሳየው ነቅቼ ይሁን በሕልሜ እንጃ።

ነጋዴዋ እትዬ ዘይነባ ከወሎ መጥተው ጋምቤላ ወልደው ከብደዋል። ሱቃቸው በር ላይ ተቀበሉኝ።

“ይህን ጉድ የሠራሽው አንቺ ነሽ?”

“እኔ ነኝ፣ እትዬ።”

“በይ መጀመሪያ ብዪ። ጠቡ ነገ ይደርሳል።” የአሳ ጥብስና ማንጎ አቀረቡልኝ።

በማግስቱ ጀልባ ነጂያቸውን ኦጁሉን ተከትዬ ወንዝ ወረድኩ። ልብስ የሚያጥበው ያጥባል፣ የሚዋኘው ይዋኛል፣ ውሃው ዝም ብሎ ይሄዳል። የመጣሁበትን ልረሳው ምንም አልቀረኝም። ዘወር ስል ኦጁሉ ሸሚዙን አውልቆ ራሱንም ስልኩንም ሸፍኗል።

“ምን እያደረግክ ነው?”

“ቤት እየሠራሁ ነው” አለ ከውስጥ። “የእናንተ ስልክ ጨለማ ይወዳል። ትናንት ጨው ለጠየቀችው ለአቻላ ሳሙና ሰጠሁ። እትዬ ጮኹብኝ።”

ስልኩን ተቀብዬ ፀሐይ ላይ አየሁት። የራሴ ፊት፣ ከጀርባዬ ደመና፣ አንዲት ወፍ ስታልፍ። ፊደል የሚባል የለም! የቢሯችን መጋረጃ ሁልጊዜ ዝግ ነው፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ግራጫ ፊደል እንጽፍና “እንዴት ያምራል” እንባባላለን። አንድም ቀን ደጅ አውጥተነው አናውቅም። እንዴት እንዳፈርኩ!

ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ስክሪኑን ነጭ፣ ፊደሉን ወፍራም ጥቁር አደረግኩት። ኦጁሉ ሸሚዙን ለበሰና ፀሐይዋ መሐል ቆሞ አነበበ።

“ጨው፣ ለአቻላ። ሳሙና፣ ለማዶው ሱቅ።” ሳቀና ጀልባውን ገፋ።

እትዬ ዘይነባ አላመኑም። ጀልባው ባዶውን እስኪመለስ ዳር ላይ ጠበቁ። ማንም ተሳስቶ የወሰደ የለም።

“በይ እንግዲህ፣ አላቆምም” አሉኝ፤ በደስታ እንባ እንባ አለኝ።

አዲስ አበባ ስመለስ የቢሮ ጓደኞቼ አዲሱን ስክሪን ከበቡት።

“ምነው? ውበቱን ገደልሽው እኮ!” አለ አንዱ።

ሄጄ መጋረጃውን እስከ ጥግ ሳብኩት። ፀሐይዋ ገባች፤ ሁሉም የገዛ ጥቁር ስክሪኑ ላይ ፊደሉን ሳይሆን የገዛ ፊቱን አየ።